ኮምፒውተር ያልጠየቀው እርጥበት

የኮምፒውተር ክፍል የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት አንዲት ቁጥር አለች፤ 50 በመቶ። አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ተን ግማሹን ያህል ይያዝ፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን ያቃጥለዋል፣ በጣም ከወጣ ደግሞ ዝገት ይበላዋል ይባላል። ቁጥሯ በመመሪያ መጻሕፍት ታትማ፣ በማሽን ላይ ተሞልታ፣ ከነባር ቴክኒሻን ወደ ጀማሪ ስትወርድ ስትዋረድ ኖራለች። ሂዩሚዲፋየር የሚባለውን የቤት አየር ማርጠቢያ ገዝቶ ከኮምፒውተሩ አጠገብ የሚያኖር ሰውም ሳያውቀው የሚከተለው እሷኑ ነው። እኔ ግን ቁጥሯን ኤሌክትሮኒክስ አልወለዳትም እላለሁ። የጥጥ ክርና የማተሚያ ወረቀት ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ያገኛት በውርስ ነው። ውርሱም ያለ ጉዳት አልመጣም፤ ዓይናችንን መቶኛው ላይ ስላስተከለው ውሃ ወደ ቦርዱ የሚገባበትን እውነተኛ መንገድ እንዳናይ ጋርዶን ቆይቷል። ይህን ለማሳየት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር በሚባለው ዝናብ በማያጣው አውራጃ ነው። የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። ይህን ለማወቅ ፋብሪካ አላስፈለገም፤ የዳካን ስስ ሙስሊን የሚፈትሉ የቤንጋል ሴቶች ሥራቸውን ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ አየሩ ጤዛ ባዘለበት ሰዓት ያደርጉት ነበር፤ ቀኑ ሲደርቅባቸውም ከክሩ ሥር ውሃ ያኖሩ ነበር። ላንክሻየር ይህን እርጥበት ከሰማይ በነፃ አገኘው። ጣጣው የመጣው ከ1861 እስከ 1865 በቆየው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጥጥ ሲቋረጥ ፋብሪካዎቹ አጭሩን የሕንድ ጥጥ ያዙ፤ አጭሩ ጥጥ ማሽን ላይ እንዲቆም ደግሞ ድሩን በስታርችና በነጭ ሸክላ አፈር አወፍሮ መቀባት ግድ ሆነ። አፈሩ ጨርቁን ስለሚያከብደው ለነጋዴ ይመቻል፤ ስለዚህ ጦርነቱ ቢያበቃም ልማዱ አላበቃም። አፈር የተቀባ ድር ግን አየሩ ትንሽ ከደረቀ እንደ አደረ እንጀራ ይሰነጠቃል፤ መወርወሪያው ባለፈ ቁጥር ክር ይበጠሳል፣ ማሽኑ ይቆማል። መፍትሔው ከእንፋሎት ሞተሩ ቦይለር ቱቦ ስቦ ተኑን በቀጥታ ሽመና ቤቱ ውስጥ መልቀቅ ሆነ። ማሽን እንዲሠራ ሲባል አየርን ሆን ብሎ ማርጠብ በፋብሪካ ደረጃ ሥር የሰደደው በዚህ መልክ ነው።

የተኑን ዋጋ የከፈለው ሸማኔው ነበር። በ1872 ዶክተር ጆርጅ ቡካናን የቶድመርደንን ሽመና ቤቶች መርምሮ ስለ ነጩ አፈርና ስለ አቧራው ለመንግሥት ሪፖርት አቀረበ፤ ቅሬታው ከዚያ በኋላም አልበረደም። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ በተን ታጥበው፣ ልብሳቸው በላያቸው ላይ ረጥቦ፣ ማታ ወደ ብርዱ ይወጡ ነበር። በ1889 የእንግሊዝ ፓርላማ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ ለእያንዳንዱ የሙቀት መጠን ከዚያ በላይ እንዳይረጥብ የሚከለክል ጣሪያ በሰንጠረዥ ተወሰነ። መለኪያው ቀላል ነው። ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ይሰቀላል፤ የአንደኛው ጫፍ ደረቅ ነው፣ የሌላኛው ጫፍ ውሃ በሚጠጣ ጨርቅ ይጠቀለላል። ከጨርቁ ውሃ ሲተን ያኛው ይቀዘቅዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሲጠብ ረጥቧል። ልብ በሉ፤ አየር ማርጠብን የገደበው ይህ የመጀመሪያ ትልቅ ሕግ ሰውን ከማሽኑ ጥማት ለመከላከል የወጣ ነበር። በኋላ ማሽኑ ብቻውን በሚኖርበት ክፍል ሰው ተከራካሪ አልነበረም፤ ማንም ጣሪያውን ወይም ወለሉን ሳይጠይቅ ቁጥሯ ለረጅም ጊዜ የቆየችበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሥራውን ወደ ሳይንስ አቀረቡት። በኒውዮርክ ብሩክሊን የሚገኝ ሳኬት ኤንድ ዊልሄልምስ የተባለ ማተሚያ ቤት ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ሲያትም ወረቀቱ አስቸገረው። ቀለሞቹ አንድ በአንድ ነው የሚታተሙት፤ ዛሬ ቀዩ፣ ነገ ሰማያዊው። በመካከል አየሩ ከረጠበ ወረቀቱ ያብጣል፣ ከደረቀ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሰማያዊው በቀዩ ላይ በትክክል አያርፍም። ብራናን፣ ወይም በዝናብ ቀን ድምፁ የሚሰንፍን ከበሮ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። በ1902 ሐምሌ ወር ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ ለማተሚያ ቤቱ መፍትሔ ነደፈ፤ ዓላማው ዓመቱን ሙሉ እርጥበቱን 55 በመቶ ላይ ማቆም ነበር። ዛሬ ኤሲ የምንለው መሣሪያ የተወለደው በዚያ ንድፍ ነው ይባላል፤ የተነደፈውም ሰው እንዲቀዘቅዘው ሳይሆን ወረቀት እንዳያብጥ ነው። በ1906 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና የጥጥ ፋብሪካዎችን የሚያቋቁመው ስቱዋርት ክራመር ለሥራው ስም አወጣለት። ክርን በእርጥበት ማለዘብ በፋብሪካ ቋንቋ ‹ኮንዲሽኒንግ› ይባል ስለነበር፣ ክሩን በአየሩ በኩል ማለዘብን ‹ኤር ኮንዲሽኒንግ› አለው። ቃሉ ራሱ በትውልዱ የጥጥ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት ካሪየር አየርን በውሃ ርጭት ውስጥ አሳልፎ እርጥበቱን የሚወስንበትን መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1911 ደግሞ የሙቀትንና የእርጥበትን ዝምድና የሚያሰላበትን ቀመር ለአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። የዛሬ መሐንዲስ የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ የዚያ ቀመር የልጅ ልጅ ነው።

ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ክፍል የገባው በካርድ በኩል ነው። ኸርማን ሆለሪዝ ለ1890ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከሠራው መቁጠሪያ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ ድረስ መረጃ የሚኖረው በተበሳ ካርድ ላይ ነበር። ካርዱን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ርዝመቱ 187 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 83 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ 0.18 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንባቢው ማሽን ከክምሩ ሥር በስለት ጫፍ እየገፋ አንድ በአንድ ያወጣዋል፤ መውጫው ቀዳዳ አንድ ካርድ ያሳልፋል፣ ሁለት አያሳልፍም። አይቢኤም በ1959 ካወጣው 1401 ኮምፒውተር ጋር የሚሠራው አንባቢ በደቂቃ 800 ካርድ ይውጥ ነበር። በዚህ ፍጥነት ጫፉ ትንሽ የተጎበጠ ወይም በእርጥበት ያበጠ አንድ ካርድ ቢመጣ ክምሩን ሁሉ እንደ አኮርዲዮን አጣጥፎ ያቆማል። አየሩ በጣም ከደረቀ ደግሞ ካርዶቹ በስታቲክ ተጣብቀው ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ፤ የማተሚያው ወረቀትም መደርደሩን ትቶ ይበታተናል። መግነጢሳዊ ቴፕም የራሱ ጠባይ ነበረው፤ በእርጥበት ይጣበቃል፣ በደረቅ አየር አቧራ ይስባል። ስለዚህ 50 በመቶ በዚያ ክፍል ውስጥ ተገቢ ነበረች። የምትጠብቀው ግን ስሌት የሚሠራውን ክፍል ሳይሆን ስሌቱን የሚመግበውን ወረቀት ነበር።

በ1965 ራልፍ ሊበርት በኦሃዮ ግዛት ኮለምበስ ከተማ ለኮምፒውተር ክፍል ብቻ የተሠራ አየር ማስተካከያ ይዞ ወጣ። የማርጠቢያውም የማድረቂያውም ሥራ በአንድ ሳጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ሞተ፣ ቴፑ ወደ መጋዘን ሄደ፣ ማተሚያው ከክፍሉ ወጣ፤ ቁጥሯ ግን በሳጥኑ መቆጣጠሪያ ላይ ቀረች። ውጤቱ አንዳንዴ አስቂኝ ነበር። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ማሽኖች የእርጥበት መለኪያቸው በጥቂት በመቶ ሲለያይ አንደኛው ውሃ አፍልቶ ወደ አየሩ ይለቃል፣ ሌላኛው የተለቀቀውን አቀዝቅዞ ወደ ፍሳሽ ያወርዳል። አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ ተን ማድረግ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ያንኑ ውሃ መልሶ ለመያዝ ደግሞ ሌላ ኃይል ይጨመርበታል። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህን የማሽኖች ድብድብ በደንብ ያውቁታል። ከዚህ የባሰው ስህተት ግን በሒሳብ የሚታይ ነው። ሙቀቱ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ አየር በፋን ተስቦ ሰርቨር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀነስበት፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። የሞቀ አየር ብዙ ተን መሸከም ስለሚችል ያው ተን ለእሱ ጥቂት ነው። ቺፑ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በዚህ ደረቅ አየር ውስጥ ነው። ለእሱ ሲባል የተደከመባትን 50 በመቶ አግኝቷት አያውቅም።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሣል፤ ስታቲክስ? ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ዊልያም ጊልበርት በ1600 ባሳተመው የመግነጢስ መጽሐፉ፣ ተሰብቆ ቀላል ነገር የሚስበው አምበር በእርጥብ አየር እንደሚሰንፍ ጽፏል። በ18ኛው መቶ ዘመን በመስታወት ሰበቃ ኤሌክትሪክ የሚያሳዩ ሰዎች ዝናብ ሲሆን ዕቃቸውን እሳት ላይ ያሞቁ ነበር። በበጋ ሌሊት ናይለን ሹራብ በጨለማ ሲወልቅ የሚንጣጣውን ያየ ሰውም ያውቀዋል። ምክንያቱ እርጥብ አየር ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ አይደለም፤ በዕቃዎች ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚያርፍ፣ የተጠራቀመው የኤሌክትሪክ ክስ (ቻርጅ) በዚያ ላይ ቀስ እያለ ይፈሳል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተስፋፉት ሞስ የተባሉት ትራንዚስተሮች ደግሞ እጅግ ስስ በሆነ መከላከያ ሽፋን ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሰው ጭራሽ በማይሰማው ብልጭታ ይበሳሉ። ሰው የሚነዝረው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ አንዳንድ ቺፕ ግን ከ100 ቮልት በታች ይጎዳል። ስለዚህ ተቃዋሚው ልክ ነው፤ ደረቅ አየርና ቺፕ ጠበኞች ናቸው።

ግን ተቃዋሚው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰውን ሠንጠረዥ እስከ መጨረሻው እናንብበው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1980 ባወጣው መመሪያ ላይ የሚገኝ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በየማሠልጠኛው ተለጥፏል። እርጥበቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ በሆነበት ክፍል በምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው እስከ 35,000 ቮልት ሊሸከም ይችላል፤ ከ65 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ግን 1,500 ብቻ። በፕላስቲክ ወለል ላይ 12,000 የነበረው ወደ 250 ይወርዳል። ሰዎች ይህን አይተው ‹እርጥበት ያድናል› ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ከ100 ቮልት በታች ለሚሞት ቺፕ 1,500 ቮልትም 35,000 ቮልትም ያው ገዳይ ነው። እርጥበቱ ብልጭታውን ከሰው ስሜት በታች ያወርደዋል እንጂ ከቺፑ አቅም በታች አያወርደውም፤ እንዲያውም ቴክኒሻኑ ስላልነዘረው ምንም አልሆነም ብሎ ይሄዳል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይህን ስለተረዱ መፍትሔያቸውን ከአየሩ ወደ መሬቱ አዛወሩ፤ ክስ የሚያፈስ ወለል፣ ክስ የሚያፈስ ጫማ፣ በውስጡ አንድ ሜጋኦም ሬዚስተር ያለው የእጅ አንጓ ማሰሪያ። ሬዚስተሩ የገባው ክሱ ቀስ ብሎ እንዲፈስ፣ ሰውየውም የቀጥታ መስመር ቢነካ እንዳይሞት ነው። የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከመሬት ሽቦ ጋር በተያያዘ ሰርቨር ደግሞ ሰው አጠገቡ ቢያልፍም ክሱ በሳጥኑ ብረት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል።

ሙያው ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር በ2004 ያወጣው የመጀመሪያው የዳታ ማዕከል መመሪያ ከ40 እስከ 55 በመቶ ይላል፤ የካሪየር ማተሚያ ቤት ቢሆንም አያፍርበትም። በ2008 የታችኛው ወሰን ከመቶኛ ወጥቶ በጤዛ ነጥብ ተተካ፤ 5.5 ዲግሪ። ይህ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው፤ የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ ተኑ ወደ ውሃ የሚለወጥበት ሙቀት ስለሆነ፣ ክፍሉ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ያው ተን እስካለ ድረስ አይለወጥም። ቀጥሎ ማኅበሩ የሚዙሪ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደረቅ አየር በእርግጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ እንዲያጠና አደረገ። ጥናቱ ወለሉ፣ ጫማውና የመሬት ሽቦው በአግባቡ ከተያዙ ደረቅ አየር የሚጨምረው አደጋ ትንሽ እንደሆነ አሳየ። በ2015ቱ እትም የታችኛው ወሰን ወደ ዜሮ በታች 9 ዲግሪ የጤዛ ነጥብ ወረደ፤ በሚመከረው ሙቀት ከ10 በመቶ ያልራቀ እርጥበት ማለት ነው። ከ40 ወደዚያ ለመውረድ 11 ዓመት በቂ ሆነ። ወረቀቱ ከክፍሉ ከወጣ ግን ጊዜው ከዚያ በጣም ይረዝማል።

‹ደንቡ ለአርባ ዓመት ሠርቷል፤ የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?› የሚሉም አሉ። ሠርቷል፤ ግን ሒሳቡን ለመያዝ ሁለቱንም ዓምድ መጻፍ ያስፈልጋል። እርጥበት በኤሌክትሮኒክስ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከደረቅ አየር ጉዳት ያላነሰ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ደሴቶች የተሰማሩ የሬዲዮ መሣሪያዎች በጥይት ሳይሆን በሻጋታና በላብ ይረግፉ ነበር፤ ሽቦውንና ጠምዛዛውን ሁሉ በቫርኒሽ መቀባት የተስፋፋው ያኔ ነው። በ1955 የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በስልክ መሣሪያ ውስጥ ያዩትን አሳተሙ፤ ቮልቴጅ ባለበት መከላከያ ላይ እርጥበት ሲያርፍ ብር ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እየሟሟ ወደ ሌላኛው ይጓዛል፣ እዚያም እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በመጨረሻም ሁለቱን ያገናኛል። መዳብም ይህን ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ የከፋው አቧራ ነው። ንጹሕ ቦርድ 60 በመቶ እርጥበት ላይ ደረቅ ነው፤ ጨው ያዘለ አቧራ ያረፈበት ቦርድ ግን አይደለም። የወጥ ቤት ጨው ከአየር ውሃ ስቦ የሚሟሟው 75 በመቶ ላይ ሲሆን ማግኒዥየም ክሎራይድ 33 በመቶ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ደግሞ 30 በመቶ አካባቢ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ‹ስንት በመቶ ይሁን?› የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ በቦርዱ ላይ ምን ተኝቷል የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

የቤት ሂዩሚዲፋየር ጉዳይ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹና ጸጥተኛው ዓይነት አልትራሶኒክ የሚባለው ነው፤ ከውሃው ሥር ያለች ትንሽ ሳህን በሰከንድ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ እየተንቀጠቀጠች ውሃውን ወደ ጉም ትበትነዋለች። አያፈላም፤ የሚወጣው ገና ተን አልሆነም፣ ደቃቅ ጠብታ ነው። ሲፈላ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በዚህኛው አይጋገርም፤ ከየጠብታው ጋር ወጥቶ፣ ጠብታው በአየር ላይ ሲደርቅ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ይንሳፈፋል። ፋን ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አየር ሲስብ የሚውል ማሽን ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚያርፈው ነጭ ትቢያ ይጠረጋል፤ ውስጥ የገባው ግን ማቀዝቀዣው ክንፎች መካከልና በቺፑ እግሮች ላይ ተኝቶ ቀጣዩን እርጥብ ቀን ይጠብቃል። የላንክሻየር ሸማኔ ነጭ አፈርና ተን በአንድ ክፍል ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር፤ እሱ በሳንባው ነው ያወቀው።

ውሃ በጠብታ መልክ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ትልቆቹም አይተውታል። በ2011 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፕራይንቪል ከተማ ፌስቡክ የውጭ አየርን በውሃ ጉም እያቀዘቀዘ የሚሠራ አዲስ ማዕከል ከፍቶ ነበር። ኩባንያው ራሱ እንደ ተረከው፣ የሕንጻው መቆጣጠሪያ ተሳስቶ ሞቃትና እርጥብ አየር እየተመላለሰ ወደ ሰርቨሮቹ ሄደ፤ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ95 በመቶ አለፈ። ብዙ ሰርቨሮች በራሳቸው ጠፍተው ተነሡ፣ ጥቂቶቹ የኃይል ማቅረቢያቸው ተበላሽቶ ቀሩ። በኋላ አንድ የኩባንያው ኃላፊ በአዳራሹ ውስጥ ደመና ተፈጠረ ብሎ ሲናገር ቀልድ የመሰለው ሰው ነበር። ቀልድ አልነበረም። ሌላው የዕቃ መመሪያ ሁሉ በትንሽ ፊደል የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ከ10 እስከ 90 በመቶ ይሠራል ይልና ‹ጤዛ እስካልተፈጠረ ድረስ› የሚል ሐረግ ያክልበታል። ክልሉ ሰፊ ነው፤ ሕጉ ያለው ሐረጉ ውስጥ ነው።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፣ እሱም ከሁሉ ሚዛናዊው ነው። የዳታ ማዕከል ጥናት በመሬት ሽቦ የታሠረ ወለልና የሠለጠነ ሠራተኛ ላለበት ቦታ ነው፤ በምንጣፍ ላይ በሱፍ ካልሲ የሚራመድ ሰው ይህ የለውም። ይህን እቀበላለሁ። ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም የሚኖር አንባቢ ያውቀዋል፤ ውጭ ዜሮ በታች 10 የሆነ አየር፣ ተን ጢም ብሎ ቢይዝ እንኳ፣ ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 10 በመቶ ያህል ይሆናል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የበር እጀታ ይነዝራል። ሰውየው ለራሱ ጉሮሮ ሲል ሂዩሚዲፋየር ቢከፍት ተገቢ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ብሎ ከሆነ ግን ሳጥኑን ከፍቶ ከመንካቱ በፊት የራዲያተሩን ብረት መንካት የበለጠ ይጠቅመዋል። በተረፈ ጉዳዩ የቅዝቃዜ ነው። ሙቀቱ 22 ዲግሪ የሆነ ክፍል እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ የጤዛ ነጥቡ ከ4 ዲግሪ በታች ነው፤ 50 በመቶ ሲደረግ ወደ 11 ይወጣል። መኪና ውስጥ አድሮ 5 ዲግሪ የቀዘቀዘ ላፕቶፕ በመጀመሪያው ክፍል ደረቅ ይቆያል፣ በሁለተኛው ላብ ያወጣል። ስለዚህ እርጥበት ያለበት ቤት ላፕቶፑ ከነቦርሳው ሳይከፈት እስኪሞቅ መቆየት አለበት። መስኮቱ ላይ ውሃ መውረድ ከጀመረ ደግሞ የክፍሉ ቀዝቃዛ ገጽ ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ሂዩሚዲፋየሩ የሚጠፋበት ሰዓት ያኔ ነው። ጉሙ ወደ ተን ከመለወጡ በፊት ፋኑ እንዳይውጠው መሣሪያው ከኮምፒውተሩ በአንድ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ቢፈስም ማከፋፈያው ላይ እንዳይወርድ ከሶኬት በላይ አይቀመጥ፤ ማዕድኑ እንዳይበተን የተጣራ ወይም የተነጠረ ውሃ ይሞላ። ውድ ዕቃን አደጋ ላይ ጥሎ የውሃ ዋጋ መቆጠብ ጥሩ ንግድ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ሁሉ በከፊል ብቻ ይሠራል። የከተማው ቤት በአብዛኛው ማሞቂያ ስለሌለው የውጭውና የውስጡ አየር ብዙ አይራራቁም፤ የበጋው ድርቀት ያለ ቢሆንም የስቶክሆልሙን ያህል አይደለም። በክረምት ደግሞ ግድግዳው ሻጋታ በሚያወጣበት ወር ‹ለኮምፒውተር ጥሩ ነው› ብሎ ውሃ የሚረጭ ማሽን መክፈት ከውጭ የመጣን ምክር ያለ ቦታው መትከል ነው። በዱባይና በጅዳ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤሲ ያቀዘቀዘው ስልክ ወደ ባሕሩ አየር ሲወጣ በአፍታ ጉም ይለብሳል፣ ሌንሱ ይደበዝዛል። እዚያ የጤዛ ነጥቡ የሚጠብቀው ደጅ ላይ ነው።

አሽሬ በ2021 መመሪያውን እንደገና ሲያወጣ ላይኛውን ወሰን ለሁለት ከፈለው፤ አየሩ ንጹሕ ለሆነበት ክፍል 70 በመቶ፣ የሚያዝግ ጋዝ ላለበት 50። የትኛው ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚለየው ርካሽ ነገር ነው፤ ጣት የምታህል የመዳብና የብር ቁራጭ። ቁራጮቹ በክፍሉ ውስጥ ለአንድ ወር ይንጠለጠላሉ፤ ከዚያ በላያቸው የበቀለው ዝገት ይለካል። መዳቡ በወር ከ300 አንግስትሮም በታች፣ ብሩ ከ200 በታች ካዛገ ክፍሉ ንጹሕ ነው ይባላል። አንድ አንግስትሮም የሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ነው። 50 በመቶ አሁንም በመመሪያው ላይ አለች፤ ግን ለወረቀቱ ሳይሆን ለጠቆረ መዳብ።